የደቻቱን ጎርፍ ከሰማይ ማየት

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን መታት። በዚያ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ወደ 10 ሺሕ የሚጠጉ ነዋሪዎችም ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለዋል። አብዛኞቹ አደጋው የደረሰባቸው በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ነበር። እንደሚታወቀው ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውና ከብት ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። ውሃው የሚመጣው ግን ከተማው ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። በስተደቡብ ባሉት የደንገጎ ከፍታዎችና በዙሪያቸው በሚገኙ ተራሮች ላይ ሲዘንብ፣ ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ሊደርስ ይችላል።

በመሆኑም የድሬዳዋን የጎርፍ አደጋ ከተማዋ ውስጥ ብቻ ቆሞ መረዳት አይቻልም። ከከተማዋ በላይ ያለውን አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ይህንን እንድናደርግ የሚያስችሉን ሁለት ተቀራራቢ ሙያዎች አሉ። አንዱ ፎቶግራሜትሪ፣ ሌላው ሪሞት ሴንሲንግ ወይም የርቀት ቅኝት ይባላሉ። ሁለቱም በካርታ ሥራና በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ረገድ በአገራችን ረዘም ያለ ዕድሜ አላቸው። ሆኖም ስለ ጥቅማቸው ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሳተላይቱ ነው። ምስሉ ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን ሊነግረን እንደማይችል ግን እምብዛም አይነገርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን በድሬዳዋና በአካባቢዋ ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

ፎቶግራሜትሪ ምንድን ነው?

ፎቶግራሜትሪ በቀላሉ ሲተረጎም በፎቶግራፍ መለካት ማለት ነው። መሠረተ ሐሳቡን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ጣት ከፊት አቁሞ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ ዓይን ብቻ ቢመለከቱት ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንፃር ቦታውን የቀየረ ይመስላል። ጣቱ ወደ ዓይን በቀረበ ቁጥር የቦታ ለውጡ ይበልጣል። አእምሯችን ርቀትን የሚገምተው በከፊል በዚህ ልዩነት ነው።

ካርታ ሠሪውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ቀጥ ባለ መስመር እየበረረ በተከታታይ ፎቶ ያነሳል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር 60 በመቶ ያህል እንዲደራረብ ይደረጋል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለ ማንኛውም ነጥብ ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ ይታያል ማለት ነው። ተራራው ወደ ካሜራው ስለሚቀርብ በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ቦታው በብዛት ይቀየራል፤ የሸለቆው ደግሞ በጥቂቱ። ይህ ልዩነት ተለክቶ ወደ ከፍታ ይቀየራል። በመሬት ላይ ቦታቸውና ከፍታቸው በትክክል የተለካ የተወሰኑ ነጥቦች ሲጨመሩበት ደግሞ ውጤቱ ከእውነተኛው መሬት ጋር ይጣበቃል። በመጨረሻም ፎቶው በካሜራው ማዘንበልና በመሬቱ ወጣ ገባነት ምክንያት የተፈጠረበት መዛባት ይታረማል። እንዲህ የታረመው ምስል ኦርቶፎቶ ይባላል፤ ፎቶ ሆኖ ሳለ እንደ ካርታ በማስመሪያ ሊለካ ይችላል።

የዚህ ሙያ አነሳስ ከቅርስ ጥበቃ ጋር የተያያዘ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም። ጀርመናዊው አርክቴክት አልብሬክት ማይደንባወር እ.ኤ.አ. በ1858 በቬትስላር ከተማ የሚገኝን ካቴድራል ለመለካት ከፍታ ላይ ሲንጠለጠል ወድቆ ሊሞት ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ በእጅ ከመለካት ይልቅ በፎቶግራፍ መለካት ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ማራመድ ጀመረ። ፎቶግራሜትሪ የሚለው ስም በኅትመት የወጣው በእርሱ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1867 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ታሪካዊ ሕንፃዎችን በዚሁ ዘዴ የሚመዘግብ ተቋም በፕሩሲያ ተመሠረተ። የወታደርና የካርታ ሥራ መሣሪያ ሆኖ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

የርቀት ቅኝትስ?

ፎቶግራሜትሪ በዋናነት «የት ነው? ምን ያህል ከፍ ይላል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የርቀት ቅኝት «ምንድን ነው? በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳተላይቱ የተሸከመው መሣሪያ እንደ ዓይናችን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ብቻ አይደለም የሚያየው። ለእኛ የማይታየንን ኢንፍራሬድ የተባለውን የብርሃን ክፍልም ይመዘግባል። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይመጥጠዋል፤ ለቀይ ቅርብ የሆነውን ኢንፍራሬድ ግን አብዛኛውን መልሶ ያንፀባርቀዋል። ባዶ አፈር እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት አያሳይም። ውሃ ደግሞ ኢንፍራሬዱን ስለሚውጠው በዚያ የምስል ክፍል ጥቁር ሆኖ ይታያል። ባለሙያው እነዚህን ልዩነቶች አነፃፅሮ ደኑን ከእርሻው፣ ሐይቁን ከደረቁ መሬት ይለያል።

በዚህ ረገድ ለተራው ተመራማሪ ትልቁ ለውጥ የመጣው በቴክኖሎጂው ብቻ ሳይሆን በዋጋውም ጭምር ነው። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ሆኖም ክምችቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ተጨምሯል። የላንድሳት አንድ የምስል ነጥብ ወይም ፒክስል መሬት ላይ 30 ሜትር በ30 ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ የሴንቲኔል 2 በዋና ዋናዎቹ ቀለማት 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው። ዛሬ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ተማሪ ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ካለው የአካባቢውን የአሥርተ ዓመታት ለውጥ ያለምንም ክፍያ ማየት ይችላል። ጎርፉ በደረሰበት በ1998 ዓ.ም. ይህ ዕድል አልነበረም።

አገራችንም በበኩሏ ኢቲአርኤስኤስ 1 የተባለችውን የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አምጥቃለች። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሁለተኛዋ ተከትላለች። እነዚህ ሳተላይቶች ባለሙያ በማፍራት ረገድ የነበራቸው ድርሻ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ከታች እንደምንመለከተው፣ የድሬዳዋ ነዋሪ ደኅንነት የሚወሰነው በሳተላይቱ ባለቤትነት አይደለም።

የወረስነው ካርታ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የካርታ ሥራ ተቋም የተመሠረተው በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው። ተቋሙ ስሙ በየጊዜው እየተቀያየረ ለረዥም ዓመታት የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት፣ ኋላም ኤጀንሲ እየተባለ ሲጠራ ቆይቷል፤ አሁን ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ተጠቃልሏል። ከ1955 እስከ 1963 ዓ.ም. ገደማ የዘለቀው የኢትዮጵያና የአሜሪካ የጋራ የካርታ ሥራ ተልዕኮም አገሪቱን በአየር ፎቶግራፍና በመሬት ልኬት ለመሸፈን ሰፊ ሥራ አከናውኗል። መሐንዲሶቻችን እስከ ዛሬ የሚገለገሉባቸው የ1 ለ50,000 ካርታዎች የአየር ፎቶግራፍና የፎቶግራሜትሪ ውጤቶች ናቸው።

እነዚህ ካርታዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው የዝርዝር ጉዳይ ነው። በ1 ለ50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። በሁለት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ 20 ሜትር ነው። ጎርፍ ግን አንድ ሰፈር ለማጥፋት 20 ሜትር ከፍ ማለት አያስፈልገውም፤ ሁለትና ሦስት ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ የትኛው ቤት በውሃው መንገድ ላይ እንደቆመ ከዚህ ካርታ ማንበብ አይቻልም።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። ነባሮቹ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ ላይ ተመሥርተው ነው። መነሻው ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ከሚገኝ የልኬት ጣቢያ ነው። በእጃችን ያለው ጂፒኤስም ሆነ የሞባይል ስልካችን የሚጠቀመው ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 የተባለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች ሳይቀየሩ በአንድ ካርታ ላይ ቢቀመጡ አንዱ ቦታ ከሌላው ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። በአገር አቀፍ ካርታ ላይ ይህ ኢምንት ነው። በደቻቱ ዳር ግን 200 ሜትር ማለት በጎርፉ መንገድ ላይ ባለና ከጎርፉ በዳነ ቤት መካከል ያለ ርቀት ነው። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ትክክለኛ መረጃ ይዘው፣ መነሻቸው ስለተለያየ ብቻ የተሳሳተ ካርታ ሊያወጡ ይችላሉ።

ደቻቱ ከላይ ሲታይ

ድሬዳዋ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ተመሠረተች፤ ደቻቱም ከዚራንና መጋላን ለይቶ በመካከሏ ያልፋል። የከተማዋ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። በስተደቡብ በአየር መስመር ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ግን መሬቱ ከ2 ሺሕ ሜትር በላይ ይደርሳል። ውሃው በዚህ አጭር ርቀት ይህንን ሁሉ ከፍታ ተንደርድሮ ይወርዳል።

ይህንን በቁጥር ለማስላት መነሻ የሚሆነው የከፍታ መረጃ ከሰማይ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኤንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀናት ጉዞ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለክታለች። የአፍሪካው መረጃ በመጀመሪያ የተለቀቀው በ90 ሜትር ፒክስል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በ30 ሜትር በነፃ ተሰጥቷል። የኮምፒዩተር ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ፒክስል ውሃውን ወደ የትኛው ጎረቤቱ እንደሚያፈስ ያሰላል። ሁሉም ሲደመር ድሬዳዋ ከተማ ላይ የሚደርሰው ውሃ የሚሰበሰብበት መሬት በሙሉ አንድ ክልል ሆኖ ይታያል፤ ይህ ክልል ተፋሰስ ይባላል። በላዩ ላይ የሳተላይቱ የመሬት ሽፋን ካርታ ሲነጠፍ ደግሞ የትኛው ዳገት እንደተራቆተ፣ የትኛው በእርከን እንደተሠራ፣ ዝናቡ የት ወደ መሬት እንደሚሰርግና የት ወዲያውኑ እንደሚሸሽ መገመት ይቻላል።

ካርታው ላይ ጎልቶ የሚወጣ አንድ ነገር አለ። የተፋሰሱ ወሰን የከተማ አስተዳደሩን ወሰን አይከተልም። የላይኛው ክፍል በከፊል በድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች፣ በከፊል ደግሞ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከላይ ዳገቱን የሚያርሰው ገበሬና ከታች በወንዙ ዳር የሚኖረው ነዋሪ በአንድ ውሃ የተሳሰሩ ሆነው ሳለ አስተዳደራቸው ይለያያል። ካርታው በአስተዳደር ወሰን ላይ ከተቆረጠ የአደጋው መንስኤ ከካርታው ውጭ ይቀራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሁለቱን ሙያዎች ድርሻ መለየት ያስፈልጋል። «ውሃው ከየት ይመጣል?» ለሚለው ጥያቄ የሳተላይት መረጃ በቂ መልስ ይሰጣል። «የማን ቤት ይገባል?» ለሚለው ግን አይበቃም። የ30 ሜትር ፒክስል በአንድ ነጥብ ውስጥ በርካታ ቤቶችን ያጠቃልላል፤ የከፍታ ስህተቱም ብዙ ሜትሮች ሊደርስ ይችላል። ለሁለተኛው ጥያቄ ከአውሮፕላን ወይም ከድሮን የተነሳ፣ በመሬት ላይ በተለኩ ነጥቦች የተደገፈ ዝርዝር ፎቶግራሜትሪ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሥራ የግድግዳን ቁመት፣ የመንገድን ዝቅታና የወንዙን አፋፍ በሴንቲ ሜትሮች ሊለካ ይችላል። አንዱን ሥራ በሌላው መተካት ወይ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ወይ ሰውን ለአደጋ ማጋለጥ።

ሳተላይት ጎርፉን ራሱን ሲመጣ አይቶ ያስጠነቅቃል ብሎ መጠበቅም ስህተት ነው። የደቻቱ ጎርፍ በሰዓታት ውስጥ መጥቶ የሚያልፍ ሲሆን፣ ሴንቲኔል 2 ግን አንድን ቦታ የሚጎበኘው በቀናት ልዩነት ነው። በክረምት ደግሞ ደመናው ይጋርደዋል። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ከላይ በተራራው ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ፣ እሱን የሚያነብ ሰው፣ ስልክና ከታች ጥሪውን ሰምቶ ሕዝቡን የሚቀሰቅስ አካል ነው። የካርታው ድርሻ መለኪያው የት ቢተከል እንደሚሻል፣ ሰዉስ በየትኛው መንገድ ወዴት መሸሽ እንዳለበት አስቀድሞ ማሳየት ነው።

ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ግንብ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ ግንብ የሚሠራው ለተወሰነ የውሃ መጠን ነው፤ ወንዙ አሸዋ እያመጣ አልጋውን በሞላው ቁጥር ደግሞ የግንቡ ቁመት በተግባር እየቀነሰ ይሄዳል። ይህም በተደጋጋሚ ፎቶግራሜትሪ ሊለካ የሚችል ነገር ነው፦ የዘንድሮው የከፍታ ሞዴል ካምናው ላይ ሲቀነስ የተጠራቀመው አሸዋ በሜትር ኪዩብ ይታወቃል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በድሬዳዋ ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት ማጥፋቱ ሥራው በግንብ ብቻ እንደማያልቅ አሳይቷል።

አረንጓዴው ሁሉ ደን አይደለም

የርቀት ቅኝት በአካባቢ ጥበቃ ያለውን ጥቅምና አደናጋሪነት ለማየት ከደንገጎ ዳገት አልፎ ወደ ሐረማያ መውጣት ይበቃል። በቀድሞ ስሙ ዓለማያ ይባል የነበረው ሐይቅ ለዘመናት ለአካባቢው ዓሣ፣ ለሐረር ከተማም የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። የላንድሳት ምስሎች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ ጥቁሩ የውሃ አካል እየጠበበ ሄዶ ሲጠፋ በግልጽ ይታያል። ለመስኖና ለከተማ ሲባል ከመጠን በላይ ውሃ መሳቡና ከዙሪያው የሚታጠበው ደለል ከምክንያቶቹ ውስጥ ይጠቀሳሉ። ሐይቁ ደርቆ ከቆየ በኋላ በቅርብ ዓመታት ውሃ መልሶ መያዙም ከሳተላይት ይታያል።

ነገር ግን ምስሉ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው መሬት በሳተላይት ሲታይ በብዙ ቦታ አረንጓዴ ነው። ይህ አረንጓዴ ግን የዳነ ደን ሳይሆን በመስኖ የሚለማ ጫትና አትክልት ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ሐይቁን ለመድረቅ ያበቃው አጠቃቀም ራሱ። ከድሬዳዋ በታች ባለው ቆላ ደግሞ ሌላ አረንጓዴ አለ። ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ በኢትዮጵያ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ የድሬዳዋ አካባቢ ነው። በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት መውረሩን በላንድሳት ምስሎች የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ይህ ዛፍ በበጋ ሌላው ሣርና ቁጥቋጦ ሲደርቅ እርሱ ለምለም ሆኖ ይቆያል። ለባለሙያው ይህ መልካም ምልክት ነው፤ የበጋውን ምስል ከክረምቱ ጋር አነፃፅሮ ዛፉን መለየት ያስችለዋል። ይህንን ለማያውቅ ተመልካች ግን የአርብቶ አደሩ ግጦሽ የጠፋበት መሬት «ያገገመ» ሊመስለው ይችላል።

እንግዲህ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ቀለም ደንንም፣ ጫትንም፣ ፕሮሶፒስንም ሊወክል ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱን የሚያረጋግጠው ወደ ቦታው ሄዶ የሚያይ ሰው ነው። በሙያው ቋንቋ የመሬት ላይ ማረጋገጫ የሚባለው ይህ ነው። ስለ ደን ሽፋን ወይም ስለ ችግኝ ተከላ ውጤት የሳተላይት ቁጥር ሲቀርብልን ልንጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄም ስንት ቦታ በአካል ታየ የሚለው ነው።

ከተራራ እስከ ዋሻ ግድግዳ

ድሬዳዋ በዓለም የአርኪዮሎጂ ካርታ ላይም ስም ያላት ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው ፖርክ ኤፒክ፣ በአማርኛ የጃርት ዋሻ እንደማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በፈረንሳውያኑ ቴያር ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ አማካይነት ለሳይንሱ ዓለም ታወቀ። በዋሻው ውስጥ ከተገኙት ነገሮች መካከል 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ቀይ አፈር ወይም ኦከር ይገኝበታል። ጥንታውያን ነዋሪዎቹ ይህንን ከ40 ሺሕ ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ ለቀለምና ለሌሎች ጉዳዮች እየፈጩ ይጠቀሙበት ነበር። በዋሻው ግድግዳ ላይም፣ ለጋ ኦዳን በመሳሰሉ ሌሎች መጠለያዎችም የድንጋይ ላይ ሥዕሎች አሉ።

እንዲህ ያሉ ሥዕሎች በዝናብ፣ በጭስ፣ በእጅ ንክኪና በላያቸው ላይ በሚጻፍ ጽሑፍ ይጎዳሉ። ለእነርሱም ፎቶግራሜትሪ ይሠራል፤ ያውም በተራ ካሜራ። ግድግዳው ከብዙ አቅጣጫ በተደራረቡ ፎቶዎች ይነሳል፤ ከጎኑ መለኪያ ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሩም የግድግዳውን ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል ይገነባል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራው ሲደገም የትኛው ክፍል እንደተላጠ ይታወቃል። የደቻቱን አሸዋ ለመለካት ከተገለጸው ዘዴ ጋር በመርህ ደረጃ አንድ ነው።

ሌላም ትስስር አለ። የናሳ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ላይ ተቀራራቢ ቀለሞችን አራርቆ ለማሳየት ያዳበሩት የስሌት ዘዴ ኋላ ላይ ዲስትሬች በተባለ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ዋሻ ሥዕሎች ተሻግሯል። ለዓይን ጠፍቶ የነበረ ቀይ የከብት ሥዕል በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ዘዴ ነው። በአገራችን በትልቅ ደረጃ የሚጠቀሰው የቅርስ ልኬት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በሌዘርና በፎቶግራሜትሪ ያከናወነው ሥራ ነው። ለድሬዳዋ ዋሻዎች ግን የዚያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። ከፈቃድ፣ ከጥሩ ካሜራና ከሠለጠኑ ጥቂት ወጣቶች ጋር ሥራውን መጀመር ይቻላል።

ታዲያ ምን ይጎድላል?

ከላይ እንደተመለከትነው ዋናው እጥረት የምስል አይደለም። የተፋሰሱን ገጽታ የሚያሳየው መረጃ በነፃ ይገኛል። ትኩረት የሚያስፈልጋቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ካርታው የውሃውን ወሰን መከተል ይኖርበታል። ለድሬዳዋ የሚሠራ የጎርፍ ካርታ ምሥራቅ ሐረርጌን ካላካተተ ግማሽ ካርታ ነው። በዳገቱ ላይ ለሚሠራው እርከንና ለሚተከለው ዛፍ የሚወጣው ገንዘብም ከታች ላለው ከተማ ጥበቃ የወጣ ወጪ ተደርጎ መታየት አለበት።

ሁለተኛ፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት በአንድ የልኬት መነሻ ላይ መሥራት አለበት። በገጠር የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በኦርቶፎቶ ላይ ተመሥርቶ ለበርካታ ሚሊዮን ማሳዎች ተሠርቷል። በከተማም የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ሕጋዊ ካዳስተር የመገንባት ሥራ ተጀምሯል። የይዞታ ካርታና የጎርፍ ካርታ አንዱ በሌላው ላይ በትክክል ከተነጠፉ፣ ቦታ የሚመራው ሠራተኛ ከመፈረሙ በፊት ቦታው የት እንዳለ ያያል። ካልተነጠፉ ግን ሁለቱም በየመሳቢያቸው ይቀመጣሉ፤ ድሃው ቤተሰብም ርካሽ ሆኖ ባገኘው የወንዝ ዳር መሬት ላይ ቤቱን ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ካርታ ያረጃል። ከተማ ይሰፋል፣ ወንዝ አልጋውን ይሞላል፣ ግንብ ይሰነጠቃል። የደቻቱን የከተማ ውስጥ ክፍል በየዓመቱ ከክረምቱ በኋላ በድሮን ማንሳት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ድሮን ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ማስፈለጉ ከደኅንነት አንፃር የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ለዩኒቨርሲቲዎችና ለከተማው ባለሙያዎች በዚህ ዓይነት የሕዝብ ሥራ ላይ ፈቃዱ የተፋጠነ ቢሆን ጥቅሙ የጎላ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ካርታው ለሚመለከተው ሰው ሊታይ ይገባል። በወንዙ ዳር የሚኖር ነዋሪ ቤቱ በአደጋ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን በቀበሌው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱና ድልድዩ በስማቸው በተጻፉበት ካርታ ላይ አይቶ ማወቅ መቻል አለበት። በ1998 ዓ.ም. ሌሊት የሞቱት ሰዎች ወዴት ቢሸሹ እንደሚድኑ የሚነግር ካርታ በእጃቸው አልነበረም። ዛሬ ያንን ካርታ ለመሥራት የሚያስፈልገው የከፍታ መረጃ፣ የሳተላይት ምስልና ሙያው በአገር ውስጥ አለ። የከተማው ነዋሪ መጪው ክረምት ከመግባቱ በፊት የእኔ ሰፈር ካርታ የታለ ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ሊያገኝ ይገባዋል።